እትዬና መትረየሱ መምህር

ታላቅ እህቴ በአንድ ጠዋት፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሁለት ጊዜ አስደንግጣለች። በመጀመሪያው ሳቁባት። በሁለተኛው የሳቀ አልነበረም። ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ አጠገቧ ነበርኩ። እስካሁን ሳስበው ያስፈራኛል፤ ደግሞም ደስ ይለኛል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ አትጠይቁኝ።

እትዬ ነው የምላት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሰባቱን ልብስ ስትሰፋ አሳልፋዋለች። ስፌት ቤታችን በመድኃኒት ቤትና በቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሰነቀረች ክፍል ናት። በሩ ጋ የእሷ የስፌት መኪና፣ ከኋላ የእኔ መተኮሻና የልብስ ቁልፍ ጣሳ፣ ግድግዳው ላይ ያላለቀ ኮት፣ ያላለቀ ቀሚስ፣ ባለቤቱ ረስቶት ሦስት ዓመት የተንጠለጠለ ሱሪ። እትዬ ሜትሯን ከአንገቷ አታወልቅም። አንዴ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ፣ ሐኪሙ «ይሄ ነገር ምንድነው?» ሲላት ነው አንገቷ ላይ መኖሩ ትዝ ያላት።

አባታችን ሲሞት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና መጨረሷ ነበር። ከሥሯ ሦስት ነበርን። ደብተሯን ዘግታ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ስለ ደብተሩ ግን አንድም ቀን ተንፍሳ አታውቅም። ባለፈው ዓመት የሙያ ማሠልጠኛው ስፌት የሚያስተምር ሰው ሲፈልግ፣ ያሳመረችውን ኮት በላስቲክ ጠቅልላ ሄደች። ኮቱን ገለበጡት፣ ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱት፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዲግሪዎትስ?» አሏት።

«ዲግሪ የለኝም። ኮቱ ግን ይኸው።»

«ኮቱ ዲግሪ አይሆንም፣ እናት።»

ማታ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «እማራለሁ» አለች። በቃ። እትዬ «በቃ» ካለች በቃ ነው።

እንደ እሷ ላሉ ሥራ ላይ ለሚውሉ ሰዎች ዩኒቨርሲቲው አዲስ መንገድ አውጥቶ ነበር። ትምህርቱን በስልክ ትከታተያለሽ፤ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ አዳራሽ መጥተሽ ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር መምህሩን ፊት ለፊት ትሰሚያለሽ። ስልኩን የገዛሁላት እኔ ነኝ። የቤቱ የቴክኖሎጂ ሚኒስትር እኔ አይደለሁ! ከተመረቀ ተማሪ ገዛሁት፤ ልጁ «የትምህርቱ መተግበሪያ ሳይቀር ተጭኖበታል፣ ሁሉንም አስተካክዬዋለሁ፣ በራሷ ስም መግባት ብቻ ነው የሚቀራት» አለኝ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እየተፍነከነክሁ ይዤ መጣሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስታቲስቲክስ ነበር። ስልኩን ከመኪናው አጠገብ ክር ማጠንጠኛ ላይ አስደግፈን ከፈትነው። ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ መምህር ብቅ አሉ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ቃላቸው በጋለ ድስት ላይ እንደተበተነ በቆሎ ይንጣጣል። ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ እጃቸው አይታይም። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲሄዱ ውሻ የሚያባርራቸው ይመስላሉ። ብርጭቆ አንስተው ውሃ ጠጥተው መልሰው እስኪያስቀምጡ ዓይን አልጨፈንሁም፤ ውሃው እንዴት እንዳልተደፋ ፈጣሪ ይወቀው።

«ይሄ ሰውዬ ከሚስቱ ሲጣላ እንዴት ያደርጋት ይሆን?» አልኩ።

«ሳትሰማው ይታረቃሉ» አለች እትዬ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል።

የሌሎቹ ትምህርቶች መምህራንም እንደዚያው ናቸው፤ ሁሉም ይሮጣሉ። ተመካክረን አንድ ነገር ላይ ደረስን፦ የተማረ ሰው ጊዜ የለውም። ዩኒቨርሲቲ ማለት እንዲህ ነው። የስታቲስቲክሱን ግን የሚደርስባቸው ስላልነበረ መትረየስ አልናቸው።

እትዬ ታዲያ እጅ የምትሰጥ መሰላችሁ? አንዱን ትምህርት ሦስቴ ትሰማዋለች፤ አንዴ ስትቆርጥ፣ አንዴ ስትሰፋ፣ አንዴ ስትተረትር። ቆይቶ እግሯ ራሱ በመትረየስ ምት መኪናውን ይረግጥ ጀመር። ንግግሯ ሳይቀር ፈጠነ፤ ደንበኞች «ምነው፣ ባቡር ያመልጥሻል እንዴ?» ይሏታል። አንዳንዴ ከመምህሩ ጋር ትከራከራለች። «አማካይ አማካይ ትላላችሁ፤ በአማካይ የተሰፋ ሱሪ ማን ላይ ልክ ሆኖ ያውቃል?» ትልና መልስ እንደሚሰጧት ሁሉ ጆሮዋን ወደ ስልኩ ትጥላለች። በስልኩ ላይ የሚሰጠውን ፈተና ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አመጣች። እኔ አለቀስኩ። እሷ «አንዷ ምን ሆና ነው የቀረችው?» አለች።

የአዳራሹ ቀን ደረሰ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ሲገባ ይፈረማል፣ ሲወጣ ይፈረማል፤ ከሁለቱ አንዷ የጎደለችበት ተማሪ የዓመቱን ፈተና አይቀመጥም፣ ትምህርቱንም በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ይጀምራል። እትዬ ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት «ብቻዬን አልገባም፤ ተከተይኝ» አለችኝ። ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ሁሉ ገላ ስትለካ ያላፈረች ሴት፣ የዩኒቨርሲቲ በር አስፈራት።

ዘበኛው የእሷን መታወቂያ አየና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

«እህቷ ነኝ።»

«መታወቂያ?»

«ፊቴን እየው። ከእሷ ፊት የተቀዳ አይደለም?»

ሳቀ። «ከኋላ ተቀመጪ። ጥያቄ እንዳትጠይቂ ብቻ» አለኝ።

አዳራሹ እየወረደ የሚሄድ፣ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ ነው። ከኋላ ግድግዳው ላይ ቀይ መብራት ያላት ካሜራ አለች። ከፊት ረዳት መምህሩ፣ ጢሙን አሳምሮ የተከረከመ ጎልማሳ፣ የፊርማውን ወረቀት ደረቱ ላይ ታቅፎ ቆሟል። እትዬ ፈረመች። ተቀመጥን። ዙሪያዬን ባይ ሁሉም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል፤ አንዱ ቦርሳውን ተንተርሶ ያንኮራፋል። አጠገባችን የተቀመጠች፣ ትልቅ ማዳመጫ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ «ቪዲዮው ማታ ይለቀቃል፤ ለፊርማ ነው የመጣነው» አለችን።

መትረየስ ገቡ። እትዬ ጉልበቴን ያዘችኝ፤ የዘመድ ያህል ናፍቃቸዋለች። ሰውየው ግን አይሮጡም። አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላ እግር። ጠረጴዛው ጋ ደረሱ። አፋቸውን ከፈቱ።

«እንደምን… አደራችሁ… ዛሬ… የምናየው…»

እኔ ክው አልኩ። እትዬ ብድግ አለች።

«ኧረ ሰው የለም ወይ! መምህሩ ታመዋል! አንደበታቸው ተይዟል! ቆማችሁ ታያላችሁ እንዴ?»

የአዳራሹ አንገት ሁሉ ባንዴ ዞረ። ተኝቶ የነበረው ልጅ ሳይቀር ነቃ። እኔም ተነስቼ «ውሃ! ውሃ!» ማለት ጀምሬ ነበር፤ አይ እኔ! ባለማዳመጫዋ ልጅ እትዬን በቀሚሷ ጎተተቻት።

«ማዘር፣ ማዘር፣ ይቀመጡ። ምን ሆኑ? ደህና ናቸው እኮ።»

«እንዴት ደህና ይሆናሉ! እኔ በየቀኑ ነው የምሰማቸው! እንዲህ አያወሩም!» ብላ ስልኩን ከፍታ አሳየቻት። መትረየስ ከስልኩ ውስጥ ተንጣጡ።

ልጅቷ ስልኩን አየች፤ እትዬን አየች፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ማዘር… ይሄ እኮ በሁለት እጥፍ ፍጥነት ላይ ነው ያለው። ጊዜ እንዲቆጥብልን ተማሪዎች እናፈጥነዋለን። ይቺን ሲነኳት ወደ ትክክለኛው ይመለሳል።»

ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። ጠረጴዛ ይደበደባል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ከፊት በኩል «ማዘር፣ እኛንም ያፍጥኑን!» የሚል ድምፅ መጣ። ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ እህቴ ከሰው በላይ ስትሮጥ የነበረው፣ እኔ የገዛሁት ስልክ ከቀድሞ ባለቤቱ ፍጥነት ጋር ስለመጣ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እሺ እላት ነበር። መምህሩ ራሳቸው በግማሽ አፋቸው ፈገግ አሉ፤ ያኔ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ረዳቱ ግን አልሳቀም።

«እናት፣ አንዴ ታልፏል። ሁለተኛ ከረበሹ ይወጣሉ፤ ከወጡ ደግሞ ፊርማ የለም» አለ።

ተቀመጠች። ጆሮዋ ቀልቷል። ላጽናናት እጄን ብዘረጋ ገፋችው። ከዚያ ዝቅ ብላ ልጅቷን «እስቲ ትክክለኛው ላይ አድርጊልኝ» አለቻት፤ የስልኩንም ማዳመጫ አንዱን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። ያለፈውን ሳምንት ትምህርት ነው የከፈተችው። አንዱ ጆሮዋ ስልኩ ላይ፣ ሌላው አዳራሹ ላይ።

እኔ «ስድስት ወር ያመለጣትን ልትሰማ ነው» ብዬ ተውኳት። ጥቂት ቆይቼ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያየኋት አባታችን የሞተ ቀን ነው።

«አሁንም ልክ አይደለም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ድምፁ። ባለፈው ሳምንት ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፣ እውነት ነው፤ ቃሉን ግን እስከ ጫፉ ያደርሱታል። ዛሬ ጫፉን ይጥሉታል። ስሚ፤ ይኸው ጣሉት።»

«እትዬ፣ በአባታችን ይዤሻለሁ፣ ዝም በይ! ዝም አይነቅዝም።»

«ትከሻቸውን እዪ።»

አየሁ። ኮት ነው የታየኝ። «ኮቱ ነው ያዘነበለው፤ አሰፋፉ መጥፎ ነው» አልኳት።

«ኮቱማ ያው ያለፈው ሳምንት ኮት ነው፣ ይኸው» ብላ ስልኩን አሳየችኝ፤ ስልኩ ውስጥ ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ናቸው። «ኮት በሳምንት አንድ ወገኑ ብቻ አይወርድም። የወረደው ሰውየው ነው።»

ዙሪያውን ቃኘሁ። ሁለት መቶ ሰው አለ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ሁሉም ማታ በቪዲዮ ሊያየው ነው። እሺ፣ ልንገር እንዴ? ለማን? እንደገና ልንጮህ? እህቴ በዲግሪዋና በዚያ ሰውዬ መካከል ተቀምጣ ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ በዚያች ደቂቃ ዲግሪውን ነው የመረጥሁላት። ቀሚሷን ጨብጬ ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችና ተነሳች።

አሁን አልጮኸችም። ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች። «ደግሞ ተነሱ!» አለ አንዱ፤ ሳቁ ከየጥጉ ይፈላ ጀመር። ረዳቱ መንገዷን ዘጋ።

«ምን አልኩዎት? በዚያ በኩል ነው መውጫው።»

«እወጣለሁ፣ የኔ ልጅ። አንዲት ነገር ለክቼ እወጣለሁ» አለችው፤ በጎኑም አለፈች። መድረኩ ላይ ወጥታ ሜትሯን ከአንገቷ ሳበች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልለካዎት ነው፤ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ጎን ይዘርጉልኝ።»

ሜትር የያዘች ሴት «እጅዎን ይዘርጉ» ስትለው የማይዘረጋ ሰው የለም፤ ሃያ ሰባት ዓመት አይቼዋለሁ፣ ዳኛም ይሁን ወታደር ይዘረጋል። መምህሩ ግራ ተጋብተው ዘረጉ። ግራ እጃቸው ቀጥ ብሎ ወጣ። ቀኙ እስከ ወገባቸው መጣና እንደ እርጥብ ፎጣ ወደቀ። ይዞት የነበረው ጠመኔ ወለሉ ላይ ተሰበረ። የወደቀውን እጃቸውን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሆነ ሁሉ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

የሚስቅ ጠፋ፤ ሁሉም ከስልኩ ላይ ቀና አለ። ረዳቱ ወረቀቱን ጥሎ ደገፋቸው። ሁለት መቶ ስልክ የታቀፈው አዳራሽ ውስጥ፣ አምቡላንስ ለመጥራት የመጀመሪያዋን ቁጥር የነካችው ያቺው ባለማዳመጫዋ ልጅ ናት፤ ሁለቴ ተሳስታለች። እትዬ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ኮሌታቸውን ፈታችላቸው፣ «አይዞዎት፣ እኔ እዚህ ነኝ» እያለች እጃቸውን ይዛ አምቡላንሱ ውስጥ ገባች። እኔ ሁለት ቦርሳ ታቅፌ ከኋላ በታክሲ ተከተልኩ።

ሆስፒታል ሐኪሟ ወጥታ «ስትሮክ ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ተዘግቶባቸው ነበር። ትምህርቱን ጨርሰው ቢሆን ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። ሚስታቸው እየሮጡ ደረሱ፤ ሲነግሯቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ጠዋት ቁርስ ላይ ቃሉን እየዋጠ ሲመልስልኝ ያኮረፈኝ መስሎኝ ነበር። እኔም አኩርፌው ወጣሁ» ብለው አለቀሱ። እትዬ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አሁን በደስታ የሚያልቅ መስሏችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር! የፈተናው ሳምንት የፈተና መግቢያ ወረቀቷን ልትወስድ ሬጅስትራር መስኮት ጋ ስንቆም፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አየችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«የመውጫ ፊርማ የለሽም፣ እህቴ።»

«ሰው ሆስፒታል እየወሰደች ነበር!» ብዬ ጮህኩ።

«አውቃለሁ፤ ስሰማ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ቦታው ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አያሳልፈኝም።»

ረዳቱ መምህር ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ፤ «ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ተባለ። ፈተናው እየተካሄደ «ለሚቀጥለው ዓመት»! ይህን ያህል ጉድ በሰው ላይ ይወርዳል? ያቺ ባለማዳመጫ ልጅ በእሷ ፋንታ ልትፈርምላት ወረቀቱን ፍለጋ ሄዳ እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው፤ እትዬ ግን ስትሰማ ተቆጣቻት።

«ስትወጡ ፈርሙ ነው የሚለው። ሰዎቹ ሲወጡ እኔ የት ነበርኩ? አልነበርኩም። ያልነበርኩበትን እንዴት ብዬ ልፈርም?»

ስፌት ቤት ስንደርስ ግን መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክር ሳታስገባ ረጅም ጊዜ ቆየች።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በራችን ላይ ምርኩዝ ቆመ። ቀና ስል መትረየስ ናቸው፤ ሚስታቸው ክንዳቸውን ይዘዋል። የምቀመጥበትን ወንበር ለቅቄ፣ የምቆምበት ስላልነበረ መተኮሻውን ታቅፌ ቀረሁ። ጥሩነቱ አልጋለም።

መምህሩ ተቀምጠው አፋቸውን አዘጋጁ። «እን…ደገና… ሊማሩ ነው… አሉኝ።»

«አዎ መምህር። ከአንድ ነው የምጀምረው» አለች እትዬ።

«እኔም» አሉ።

ቀሪውን ሚስታቸው ነገሩን። በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል ሄደው ንግግር ይማራሉ፤ አምስቱን ቀን ደግሞ በስልክ ነው፤ አንዲት ባለሙያ ከንፈሯን እያሳየች ታስተምራለች፣ እሳቸው እየተከተሉ ይላሉ። «ችግሩ፣ በስልኩ ሲሆን ያጭበረብራል» አሉ ሚስታቸው። «ግማሹን ቃል ውጦ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ ደግሞ አንጀቴን ስለሚበላኝ የሚለውን ሁሉ ‹ጎበዝ› እለዋለሁ። ልጆቹም እንደኔው ናቸው። ስህተቱን የሚነግረው ሰው ቤት ውስጥ ጠፋ።»

መምህሩ በደህናው እጃቸው እትዬን አመለከቱ። «እርስዎ… ይሰማሉ።»

እኔ እትዬ ታፍራለች ብዬ ነበር። የጨረቃ ያህል ከእኛ የራቁ ሰው፣ ስፌት ቤት መጥተው! እትዬ ግን የጀመረችውን ቀሚስ ከጭኗ ላይ አነሳች፣ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች፣ ስልካቸውን ተቀብላ ክር ማጠንጠኛው ላይ አስደገፈች።

«በሉ ይጀምሩ።»

ከስልኩ ውስጥ ሴትዮዋ አንድ ቃል አለች። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸው ሥር እየተወጣጠረ፣ ቃሉን ገፍተው ገፍተው አወጡት።

«ጎበዝ!» አሉ ሚስታቸው እንባቸው እየመጣ።

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። «አልሆነም መምህር። መጨረሻው ቀርቷል። እንደገና።»

እኔ መተኮሻውን ልጥለው ነበር። ለዩኒቨርሲቲ መምህር! በሚስታቸው ፊት! ሰውየው ግን አልተቀየሙም፤ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ቃሉን ከመጀመሪያው ጀመሩት።